ነብዩ የተከለው ሰርዶ

መንደራችን ኮንጋ ውስጥ አባቴን ዘነበን የማያውቀው የለም። ዘነበ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ቡናውን አይደለም፤ ከሰርዶ ጋር ያለውን ጠብ ነው። ሰርዶ ታውቃላችሁ አይደል? ያ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ በየአንጓው ሥር የሚሰድ፣ ነቅለው ሲጥሉት ተመልሶ የሚበቅል ሣር። ከብት ይወደዋል። ለጋ ቡና ውስጥ ከገባ ግን ጉድ ነው፣ አንቆ ይገድለዋል። አባቴ ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ ደጃፍ ላይ ሰርዶ ካየ ሳይነቅል አያልፍም። አንዴማ ሠርግ ላይ፣ አዲሱን ሱፍ እንደለበሰ፣ ከሙሽሪት ቤት አጥር ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

«አባዬ፣ ኧረ ተነስ፣ ሰው እያየህ ነው» አልኩት።

«ሥሯን ሳላወጣ?» አለኝ።

አማርኛው እንዲህ ነው። ሰርዶም፣ ቡናም፣ በሬም ለሱ «እሷ» ናቸው። በጌዴኦኛ ሲያወራ ነው ሙሉ ሰው የሚሆነው።

እኔ ፍሬ ነኝ፣ የመጀመሪያ ልጁ። ዲላ ከመናኸሪያው ማዶ ፀጉር ቤት አለኝ። አፌ አያርፍም፣ ንዴቴም ቅርብ ነው፣ ደንበኞቼ ይመሰክራሉ። ነብዩ የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም ነበረኝ። «ነበረኝ» ስል እስካሁን ምላሴን ይይዘኛል። እናታችን ያረፈችው እሱ ገና ዳዴ ሲል ስለሆነ አባቴ ነው አጥቦ፣ አጉርሶ፣ አዝሎ ያሳደገው። ወንድ ሆኖ ልጅ አዝሎ ቡና ሲያርም የሰፈሩ ሴቶች ይስቁበት ነበር አሉ። እሱ መች ሰምቷቸው!

ነብዩ ሲያድግ ማረም አይወድም። ቅጠሉን ይገነጥልና ሥሩን ይተዋል። አባቴ ከኋላው እየተከተለ ያንኑ እንደገና ያርማል፣ እያረመ ይቆጣል።

«ምንድነው እሱ? ፀጉር ነው እንዴ የምትላጨው? ሥር! ሥር አውጣ!»

«አባዬ፣ እኔ ሰርዶ የሌለበት አገር ነው የምሄደው» ይለዋል ነብዩ።

«እሷ የሌለችበት አገር የለም።»

«በረሃ አለ።»

አባቴ በዚህ ጊዜ አፈር ያነሳና ይወረውርበታል፣ ነብዩ እየሳቀ እንሰቱ ውስጥ ይገባል። በየዓመቱ ይህ ነበር ጨዋታቸው።

እንዳለውም ሄደ። አገሩን ስሙን አልጠራም፣ ከዐረብ አገሮች አንዱ ነው። እዚያ የጎልፍ ሜዳ የሚባል ቦታ ተቀጠረ። ስልክ ሲደውል አባቴ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀዋል፣ «ምን ትሠራለህ?»

«አትክልት ነው አባዬ።»

«ምን አትክልት?»

ነብዩ ይስቃል። «ስትመጣ ታያለህ» ይለዋል።

«በስልክ የማይነገር ምን አትክልት አለ?»

«ስትመጣ ታያለህ አልኩህ!» ደግሞ ይስቃል። አባቴ ስልኩን ዘግቶ «ይሄ ልጅ አንድ ነገር ደብቆኛል» እያለ ሲብሰለሰል ይውላል።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጆሲ ደወለ። ጆሲ ከዲላ አጠገብ የጪጩ ልጅ ነው፣ ከነብዩ ጋር አንድ ክፍል የሚያድር፣ አብሮት የሚሠራ። ነብዩ ቀትር ላይ ፀሐይ መትቶት ወደቀ፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ፤ ይህን ነው የነገረኝ። አባቴን ምን ብዬ እንዳረዳሁት አልናገረውም፣ ተዉኝ።

ሬሳው የመጣው በታሸገ ሣጥን ነው። እንዳይከፈት ተብሏል፣ ወረቀቱም እንዲያ ይላል። አባቴ ሣጥኑ ላይ ሁለት እጁን ጭኖ «ፊቱን ልየው» አለ። ወንድይራድ፣ የዕድራችን ሊቀመንበር፣ አለቀሰና ትከሻውን ያዘው።

«ጋሽ ዘነበ፣ ይተዉት። ረጅም መንገድ ነው የመጣው። እንደሚያውቁት ሆኖ ይቅርልዎ።»

ከጓሮ፣ በእንሰቱና በቡናው መሐል ቀበርነው። ወንጌላዊው ጸለየ፣ ሰው አለቀሰ፣ እኔ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። አባቴ አላለቀሰም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ «እኔ ሣጥን ነው የቀበርኩት» አለኝ። በሚቀጥለው ቀንም አለኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም አለኝ። ምግብ ሲቀርብለት ገፋ ያደርገዋል። ክረምቱ አልፎ ቡና ሲደርስ፣ ቀዩን ከአረንጓዴው ሳይለይ እየለቀመ ቅርጫት ውስጥ ሲጥል አየሁት። አባቴ አረንጓዴ ቡና ሲለቅም! አንድ ቀን ማታ ምን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት።

«ስትመጣ ታያለህ ብሎኛል» አለ። «ልሂድና ልየው። እጁ የነካውን አንድ ነገር በዓይኔ ልየው። ያኔ አምናለሁ።»

ጆሲን አማከርኩት። ከነብዩ ጋር ይሠሩ የነበሩት ልጆች እዚያ ተዋጥተው ቲኬቱን ላኩልን፣ አምላክ ይስጣቸው። ከፋሲካ በኋላ ሄድን። እኔ የሄድኩት ለቋንቋ ተብዬ ነው። ለቋንቋ አልኩ እንጂ እንግሊዝኛዬ ከሻምፑ ጠርሙስ አያልፍም።

ከአውሮፕላኑ መስኮት አባቴ ቁልቁል እያየ «ዛፏ የት ሄደች?» አለኝ። አሸዋ ብቻ ነበር። ከቤቱ ደጅ እስከ ወንዙ ድረስ ጥላ ለጥላ የሚሄድ ሰው ነው እኮ። ስንወርድ ያ ሙቀት ፊታችንን መታን። አባቴ ቆም ብሎ ኮቱን አወለቀ። ነብዩ በዚህ ውስጥ ነው የዋለው በልቡ እያለ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ እያልኩ ነበር።

ጆሲ በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ሜዳው ወሰደን። የአሸዋ ጉብታ ዞር እንዳልን ድንገት አረንጓዴ ሆነ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ግራም አሸዋ፣ ቀኝም አሸዋ፣ መሐሉ ግን አዲስ ምንጣፍ የተነጠፈበት ሳሎን ይመስላል። ራቅ ራቅ ብለው ትንንሽ ባንዲራዎች ተተክለዋል። ነጭ የለበሱ ሰዎች በትንንሽ መኪና መጥተው ይወርዱና እንቁላል የማታክል ኳስ በዱላ ይመታሉ፤ ከዚያ ኳሷን ፍለጋ ይሄዳሉ።

«ምን ጠፍቶባቸው ነው?» አለ አባቴ።

«ጨዋታ ነው አባባ። ባንዲራው ሥር ጉድጓድ አለ፣ ኳሷን እዚያ ማስገባት ነው» አለው ጆሲ።

«ከብቱስ የት ነው?»

«የምን ከብት?»

«ይሄን ሁሉ ሣር የሚበላ።»

«ማንም አይበላውም። እናጠጣዋለን፣ እናጭደዋለን፣ ያጨድነውን እንጥላለን። ከዚያ ደግሞ እናጠጣዋለን።»

አባቴ እኔን አየኝ። ጆሲ የሚያሾፍበት መሰለው። ከዚያ ከመንገዱ ዳር ቁጢጥ አለና ሣሩን በሁለት ጣቱ ይዞ አየው። አንጓውን ዳሰሰው። አፍንጫውን አስጠጋ።

«ፍሬ» አለኝ። «ፍሬ! ሰርዶ ናት!»

«ኧረ አይደለም፣ የፈረንጅ ሣር ነው» አልኩት።

«ሰርዶ ናት እኮ! ቅጠሏን አቅጥነዋታል እንጂ ሰርዶ ናት!»

ሳቀ። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ሆዱን ይዞ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ባለነጭ ልብሶቹ ዞረው አዩን። ጆሲም መሳቅ ጀመረ።

«ነብዩም እንዲህ ነበር የሳቀው» አለ። «መጀመሪያ ቀን ሲያየው መሬት ላይ ተንከባለለ። ‹ከሰርዶ ሸሽቼ መጥቼ ሰርዶ ላጠጣ! አባቴ ቢሰማ ይገድለኛል› አለኝ። ‹በስልክ አልነግረውም፣ አንድ ቀን አስመጥቼ ራሱ እንዲያይ ነው የምፈልገው። ፊቱን ማየት አለብኝ› ይል ነበር።»

የአባቴ ሳቅ እዚያ ላይ ቆመ። አፉ ክፍት እንደሆነ ቀረ። አጠገቡ ቁጭ አልኩና እጁን ያዝኩት። ነብዩ ሊያየው የፈለገውን ፊት እኔ አየሁት፣ ምን ይጠቅማል።

ጆሲ ከአንዱ ባንዲራ አጠገብ ወደ ነበረ ተዳፋት ወሰደን።

«ይሄ ባዶ አሸዋ ነበር» አለ። «እኔና ነብዩ ነን የተከልነው። በዘር አይደለም፣ አንጓ አንጓውን እየቆረጥን በእጃችን። ያኛው ወገን የኔ ነው፣ ይሄኛው የሱ።»

«የወደቀውስ?» አለ አባቴ።

«እዚሁ። ውኃ የሚረጨው ቧንቧ ተደፍኖ ሊያጸዳ ጎንበስ እንዳለ።»

አባቴ ተንበረከከ። መዳፉን ሣሩ ላይ ዘርግቶ ብዙ ቆየ። የሚጸልይ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጣቱን ወደ ታች ሰደደና ሥሩን መዳሰስ ጀመረ፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

«በደንብ ይዛለች» አለ በጌዴኦኛ። «ሥሯን አውቆ ነው የተከላት። ሥር አያውቅም እያልኩ ስቆጣው የኖርኩት ልጅ! ፍሬ፣ ያወቀ ጊዜ ለምን አልነገረኝም?»

አጠገቡ ተንበረከክኩ።

እጁ ግን የለመደውን አደረገ። ሥር የያዘ የአባቴ እጅ ሌላ ነገር አያውቅም፤ ጠምዘዝ አድርጎ ሳብ፣ ሰርዶዋን ከነሥሯ መዘዛት። በዚያ በሚያምር ሜዳ ላይ መዳፍ የሚያክል ጉድጓድ ተከፈተ። ወይ ጉድ! ጆሲ ቀለሙ ተለወጠ። አንድ ባለቆብ ፈረንጅ፣ የሠራተኞቹ አለቃ ነው፣ በትንሿ መኪና እየበረረ መጥቶ ከሩቅ ይጮህ ጀመር። ጆሲ እጁን እያወናጨፈ ሄደና አነጋገረው። ከተናገረው የለየሁት «ነብዩ» የሚለውን ብቻ ነው። ፈረንጁ ጩኸቱን አቆመ። ቆቡን አወለቀ። መጥቶ ከአባቴ ፊት ትንሽ ቆመና አንድ ነገር ተናገረ።

«ጥሩ ሰው ነበር፣ አዝናለሁ፣ ነው የሚለው» አለን ጆሲ።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን በእጁ ጠቀጠቀ። የተነቀለችውን አልጠየቀም። አባቴ መሐረቡን ከጠርሙሱ ውኃ አረጠበና ሰርዶዋን ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት።

እኔ ንዴቴ መጣ። «አባዬ፣ ሰው ከዐረብ አገር ወርቅ ያመጣል፣ እኛ ሰርዶ ልንወስድ ነው? ኮንጋ ሰርዶ አጥታ?»

«ይቺ የነብዩ ናት» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ለማንም እንዳትነግሪ። ዘነበ ሰርዶ ከውጭ አስመጣ ብለው መሳቂያ ያደርጉኛል። ማይልኝ።»

ማልኩለት። አገር ቤት ስንደርስ የበልግ ዝናብ ይዘንብ ነበር። አባቴ ልብሱን ሳይቀይር በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደና ሰርዶዋን መቃብሩ ላይ ተከላት። በጣቱ አፈሩን ሲደፈጥጥላት ሳይ ለአንድ የቡና ችግኝ እንኳ እንዲያ ሲጠነቀቅ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን ማታ በላ። «አሁን ልጄ እዚህ ነው» አለኝ።

ሰርዶ አይደል፣ ወዲያው ተሳበ። ክረምቱ ሲገባ መቃብሩን ከዳር ዳር አለበሰው። ቅጠሉ ከኛው ይቀጥናል፣ የሕፃን ፀጉር ይመስላል። አባቴ ከመቃብሩ አልፎ ወደ ቡናው እንዳይሄድ ጠርዙን በቢላ ይከረክማል፣ ጠዋት ጠዋት ከጎኑ ቁጭ ይላል። ሰዉ መንሾካሾክ ጀመረ። «ጋሽ ዘነበ ሐዘኑ እጁን አሰረው፣ ሰርዶ ሲወርሰው ዝም ይላል» ይሉ ነበር። እኔ ሰምቼ አፌን ነከስኩ፤ ምያለሁና።

በጳጉሜን አባቴ ሳንባውን ታመመ። በሞተር ሳይክል አውርደው፣ በመኪና ዲላ አመጡልኝ። ሐኪም ቤት ተኛ፣ ከዚያ እኔ ቤት አገገመ። ትንሽ ሲሻለው «ልሂድ፣ ጠርዟን የሚከረክም የለም» እያለ ነዘነዘኝ። እስኪበረታ ይዤው ቆየሁ፣ ከዚያ ኮንጋ ወሰድኩት።

ከበሩ ላይ ወንድይራድ ነበር የተቀበለን፣ ከኋላው ጎረቤቱ ሁሉ።

«እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት ጋሽ ዘነበ! ቡናዎ ሊደርስ ነው፣ እርስዎ ታመው ዝም አንልም ብለን ወጣን። ይዩት እስቲ!»

ደቦ ወጥተው ማሳውን በሙሉ አርመውለታል። ከእያንዳንዱ ቡና ሥር ያለው አፈር ጥቁር፣ ንጹሕ፣ ለስላሳ ነበር። አባቴ እየተመረኮዘ በመሐሉ አለፈ። በቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት።

መቃብሩ ባዶ አፈር ነበር። ጥግ ጥጉ በድንጋይ ተከቧል፣ አናቱ ላይ አበባ ተተክሏል። አንዲት የሰርዶ ቅጠል የለበትም።

«ይሄንንማ ስናየው አዘንን» አለ ወንድይራድ። «የርስዎ ልጅ በሰርዶ ተውጦ! መጀመሪያ ያረምነው ይሄን ነው። እርስዎ እንዳስተማሩን አፈር ላይ አልተውነውም። መንገድ ላይ በትነን ፀሐይ መታው፣ ከብቱም ሞተሩም ረገጠው፣ ሲደርቅ ዳር ላይ ከመርነው።»

አባቴ አፈሩን አየ። «ሥሯንም አወጣችሁ?»

«አንዲት አልቀረችም ጋሽዬ!»

አፌን ልከፍት ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ያን ሁሉ ደግ ሰው በስድብ ላጥበው ነበር። አባቴ የእጄን አንጓ ጨምድዶ ያዘኝ።

«ጥሩ አርማችኋል» አላቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍሬ፣ ለሰዎቹ የሚበላ አቅርቢ።»

ቆጮና ጎመን አቀረብኩ። በሉ፣ መረቁት፣ ተጫወቱ። አባቴ መሐላቸው ተቀምጦ የሚሉትን ሁሉ «አዎ፣ አዎ» እያለ አስተናገዳቸው። የመጨረሻው ሰው ሲሄድ ተነስቶ ወደ መንገዱ ወጣ። ተከተልኩት። ከመንገዱ ዳር የደረቀ የአረም ክምር ነበር። ተንበርክኮ መፈለግ ጀመረ። እኔም ተንበርክኬ ፈለግሁ። ቀጭኗን ቅጠል ያገኘን ሲመስለን በጣታችን መሐል ዱቄት ትሆናለች። አባቴ የክምሩን ሥር እየገለበጠ «ብቻ አንዲት አንጓ፣ አንዲት እርጥብ አንጓ» ይላል። አልነበረችም። ሰርዶን እንዴት እንደሚገድሉት ኮንጋን ያስተማረው እሱ ራሱ ነው፤ በደንብ ተምረዋል።

ያኔ አለቀሰ። ሣጥኑ ሲገባ ያላለቀሰው አባቴ፣ የደረቀ ሰርዶ በሁለት እጁ እንደያዘ፣ መንገድ ላይ «ነብዩ! ልጄ! ነብዩ!» እያለ አለቀሰ። የሚያልፍ ሞተረኛ ቆሞ ምን ሆነው ነው ሲለኝ «ልጁ ሞቶበት ነው» አልኩት። መቼ ብሎ ጠየቀኝ። «አሁን» አልኩት።

ነገሩን ለነወንድይራድ እስከ ዛሬ አልነገርናቸውም። ሰዎቹ ምን አጠፉ?

ዘንድሮ በልግ ሲዘንብ መቃብሩ ዳር ሰርዶ ብቅ አለ። አይቼ ጮህኩ። «አባዬ! እሷ ናት?»

«ቆይ፣ ትደግ» አለኝ።

ቅጠሏ እስኪለይ ጠበቃት። ከዚያ በሁለት ጣቱ ይዞ አያትና ራሱን ነቀነቀ። «ቅጠሏ ሰፋ ትላለች፣ የኛዋ ናት» አለ። ከነሥሯ ነቅሎ እንድትደርቅ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀላት። ሌላም በቀለች፣ እሷንም ጠበቃት፣ እሷም የኛዋ ሆነች። እንዲህ ነው አሁን የሚውለው። ቅዳሜ ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ስመጣ እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። በቃ፣ አትልፋ፣ አልቋል ልለው እነሳና አፌ እምቢ ይለኛል፤ የኔ አፍ! አጠገቡ እቀመጥና አዲስ የበቀለች ካለች አብረን እናያለን።